ሻንጣው አሁን ማን እጅ ላይ ነው?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንደን፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.)



ሰብሳቢያችን «አንተ ስለ ሻንጣ ተናገር» ሲሉኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከእኔ በፊት የተናገሩት እህታችን ስለ ተማሪዎቹ ሲናገሩ ስንቶቻችሁ ዓይናችሁን እንደጠረጋችሁ አይቻለሁ። እኔ ደግሞ ስለ ጎማና ስለ ዚፕ ላወራ ነው። ነገር ግን የኮሚቴ አባል የሆናችሁ ታውቃላችሁ፤ በዚህ ማኅበር ውስጥ ከገንዘብ ቀጥሎ ሰው ያኳረፈ ነገር ቢኖር ሻንጣ ነው። «ይህችን ትንሽ ዕቃ ያዝልኝ» ያላለ እጁን ያውጣ። እኔም አላወጣም።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁኝ የለንደን አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ሻንጣ ይዞ የሚወጣ ሰው በቀን ስንቴ እንደማይ አትጠይቁኝ። አንዱን በጉልበቱ እየገፋ፣ አንዱን እየጎተተ፣ በትከሻው ሦስተኛ አንጠልጥሎ፣ ካርዱን የሚያወጣበት እጅ አጥቶ በሩ ላይ የሚቆመውን መንገደኛ ሳይ፣ የአገሬ ሰው ይሁን አይሁን ከፊቱ በፊት ከሻንጣው እለየዋለሁ። በገመድ የታሰረ ከሆነ የእኛ ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ይህን የምናገረው እኔው ባጠፋሁት ጥፋት ስለሆነ ከዚያው ልጀምር።

2014 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው። የደሴ ሆስፒታል በጦርነቱ ተዘርፎ ሐኪሞቹ በባዶ እጃቸው የቀሩበት ጊዜ ነበር። በገና ሰሞን ከየአገሩ ወደ አገር ቤት የተመመው ሰው በየሻንጣው ጓንትና መድኃኒት ጠቅጥቆ ሲሄድ እኛም የአቅማችንን ሰብስበን ነበር። ከገና በኋላ ግን የሚሄድ ሰው ጠፋና ዕቃው እኔ ቤት ኮሪደር ላይ ቀረ። በዚያ መሀል የአንዷ አባላችን እናት ልጃቸውን ጠይቀው ሊመለሱ መሆኑን ሰማሁ። ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ነው። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ይፈቀድላቸዋል። የራሳቸው ዕቃ አንዱን እንኳ በቅጡ አይሞላም። «እማማ፣ አንዱን ሻንጣ ለሆስፒታሉ ይያዙልን» አልኳቸው። ምን ይሉኛል? «ልጄ፣ ለበሽተኛ ከሆነማ በጀርባዬም እሸከመዋለሁ» አሉኝ።

እኔ በመኪናዬ ልወስዳቸው ነበር ቃሌ። በዚያው ቀን ፈረቃዬ ተቀየረ። ልጃቸው ሥራ ላይ ናት። ስለዚህ የእህቴን ልጅ ላክሁት። ግሪን ሌንስ አካባቢ ነው የሚኖሩት፤ ልጁም አቅራቢያ ያለው ጣቢያ ማኖር ሀውስ ነው ብሎ፣ ፒካዲሊ መስመር ደግሞ ሳይቀየር ሂትሮው ድረስ ይሄዳል ብሎ፣ ወደዚያ ወሰዳቸው። እውነቱን ነው፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ማኖር ሀውስ ግን ከመንገዱ ወደ ታች የሚወረደው በደረጃ ነው። ልጁ አንዱን ሻንጣ ይዞ ወረደና «እዚሁ ይቁሙ፣ ሁለተኛውን መጥቼ አወርደዋለሁ» አላቸው። እሳቸው ግን የማኅበሩን ሻንጣ መንገድ ላይ አቁመው መጠበቅ አልሆነላቸውም። ሰው ይገፋፋል፣ አገሩ ባዕድ ነው፣ ዕቃው የአደራ ነው። ብድግ አድርገው አንድ ሁለት ደረጃ ወረዱ፤ ሦስተኛው ላይ ሻንጣው ቀደማቸው።

የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። አውሮፕላኑ አመለጣቸው። ሆስፒታል ስደርስ እጃቸው በጀሶ ታስሮ ተቀምጠዋል፤ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ዕቃው አልተሰበረም?» ብለው ነው። ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ እዚህ አልናገርም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እኔ በዚያ መንገድ ላይ ለዓመታት አውቶቡስ ነድቻለሁ። በ29 ቁጥር አውቶቡስ ጥቂት ፌርማታ ተጉዞ ፊንስበሪ ፓርክ መውረድ ይቻል ነበር። እዚያ ፒካዲሊ መስመር ድረስ የሚያወርድ አሳንሰር አለ። ይህን አውቃለሁ፤ ለልጁ አልነገርኩትም። አልጠየቀኝም፣ እኔም አላሰብኩትም። በለንደን የምድር ባቡር ጣቢያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እስከ ባቡሩ ድረስ ያለ ደረጃ የሚደረስባቸው አይደሉም። ካርታው ላይ የተሽከርካሪ ወንበር ምልክት ያለበትን ጣቢያ ፈልጉ። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የኤልሳቤጥ መስመር ግን ጣቢያዎቹ በሙሉ አሳንሰር ወይም መወጣጫ ስላላቸው ትልቅ ሻንጣ ላለው ሰው ከሁሉም ይሻላል። ወደ ሂትሮው ተርሚናል ሁለትም ያደርሳል፤ የእኛ አየር መንገድ የሚነሣው ከዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ማኅበር የሚያደርገውን አደረግን። ስብሰባ ጠራን። ሰው ከእንግዲህ አይሸከምም፣ ከፍለን በድርጅት እናስልካለን ተባለ። ሁላችንም እጃችንን አወጣን። አንድ ወጣት አባላችን በስልኩ አንድ ድርጅት አገኘ፤ «ሻንጣዎን ከቤትዎ ተቀብለን መድረሻዎ ድረስ እናደርሳለን» ይላል። ሥዕሉ ላይ አንዲት ሴት እጇን እያወዛወዘች ትሄዳለች። ዋጋውም ደህና ነው። የደም ግፊት መለኪያዎቹን፣ የማዳመጫዎቹንና የሕፃናት ሚዛኑን በሁለት ሻንጣ አደረግን። ሰውዬው በቀጠሮው ሰዓት መጣ፣ ተለጣፊውን ለጠፈ፣ ወሰደ። በአምስተኛው ቀን አዲስ አበባ ደረሰ የሚል መልእክት መጣልን። አጨበጨብን።

ዕቃው ደሴ የገባው በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ነው።

ጥፋቱ ከእኛ ነበር፤ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ይህን ስብሰባ ካስጠራው ነገር ሁሉ ዋናው ይህ ነውና ትንሽ ታገሡኝ። ሻንጣ ሻንጣ የሚሆነው ከባለቤቱ ጋር ሲጓዝ ነው። በቲኬታችሁ፣ በፓስፖርታችሁ፣ በስማችሁ ታግ ተለጥፎበት አብሯችሁ ሲበር የመንገደኛ ጓዝ ይባላል፤ ቦሌ ስትደርሱ እናንተው ጎትታችሁ ጉምሩክ ፊት ታልፋላችሁ፣ የሚጠየቅ ነገር ካለ እናንተው ትመልሳላችሁ። ያው ሻንጣ፣ ያው ልብስ ውስጡ እያለ፣ ያለ እናንተ ብቻውን ከተላከ ግን ካርጎ ነው። ጎማና እጀታ ስላለው ሻንጣ ነው ብሎ የሚያልፈው የለም። ካርጎ ደግሞ ተቀባይ ይፈልጋል፣ የዋጋ ደረሰኝ ይፈልጋል፣ ትራንዚተር ይፈልጋል፣ መጋዘን የቆየበት ይከፈልበታል። የሕክምና መሣሪያ ሲሆን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠየቅበታል። እኛ ተቀባይ ብለን የጻፍነው የአክስቴን ልጅ ነው። የአክስቴ ልጅ የቤት ዕቃ ነጋዴ ነው። ሃያ የደም ግፊት መለኪያ ምን ሊያደርግለት ነው ብሎ ጉምሩክ ቢጠይቅ ይፈረድበታል?

ከሆስፒታሉ ደብዳቤ እስኪጻፍ፣ ደረሰኙ ከለንደን ተፈልጎ እስኪላክ፣ ትራንዚተሩ እስኪመላለስ ሳምንታት ሄዱ። የመጋዘን ኪራዩ በየቀኑ ይቆጥራል። በመጨረሻ ለማውጣት የከፈልነው ዕቃውን ከገዛንበት በለጠ። ለድርጅቱ ስንደውል «ውሉን አንብቡት» አለን። አነበብነው። በትንንሽ ፊደል፣ የመድረሻ አገር ቀረጥና ፈቃድ የተቀባዩ ኃላፊነት ነው ይላል። ሴትዮዋ እጇን ስታወዛውዝ ያየንበት ገጽ ላይ ይህ የለም። መኖሩስ አለ፤ ወደ ታች አልወረድንም።

እንግዲህ «ሻንጣ አድራሽ» በሚል አንድ ስም የሚጠሩት ነገሮች አንድ እንዳልሆኑ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ አባላት እየደወሉ ይጠይቁኛል፣ እኔም እያጠናሁ እመልሳለሁ፤ ሳላስበው የማኅበሩ የሻንጣ ሹም ሆኛለሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

አንዱ ዓይነት ሻንጣውን ከቤት ወስዶ አየር ማረፊያ አድርሶ፣ ለአየር መንገዱ አስረክቦ፣ እናንተ መድረሻችሁ ላይ የምትቀበሉበት ነው። እዚህ ለንደን ኤርፖርተር የሚባል ድርጅት ከብሪቲሽ ኤርዌይስ ጋር ተስማምቶ ይህን ሲሠራ ነበር። ሰውዬው በራችሁ ላይ ፓስፖርታችሁን ያያል፣ ሻንጣውን ያሽጋል። ይህ ከባለቤቱ ጋር የሚጓዝ ጓዝ ስለሆነ የካርጎ ጣጣ የለበትም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ይህ የሚሆነው አየር መንገዱ ከድርጅቱ ጋር ሲዋዋል ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የምትበሩበት አየር መንገድ ዝርዝራቸው ውስጥ መኖሩን ጠይቁ። ከሌለ ድርጅቱ የሚሠራላችሁ ሻንጣውን ተርሚናል ድረስ ማምጣት ብቻ ነው፤ ወረፋ ይዛችሁ የምታስረክቡት እናንተው ናችሁ። ለዚያ ለዚያ ሰፊ ታክሲ መጥራት ይበቃል።

ሁለተኛው የሻንጣ ማቆያ ነው። ይህን ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፤ ሰው ግን አይጠቀምበትም። የእኛ በረራ ብዙውን ጊዜ ማታ ነው። ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ሆቴሉን ረፋዱ ላይ ለቆ እስከ ማታ ሻንጣ እየጎተተ ለንደንን ይዞራል፤ ወይም ደግሞ የከተማውን አንድ ነገር ሳያይ ከጠዋት ጀምሮ ሂትሮው ተቀምጦ ይውላል። ኤክሰስ ባጌጅ ካምፓኒ የሚባለው ድርጅት ሂትሮው ውስጥም፣ እንደ ኪንግስ ክሮስና ፓዲንግተን ባሉ ትልልቅ የባቡር ጣቢያዎችም ማቆያ አለው። ሻንጣው በኤክስሬይ ያልፋል፣ ደረሰኝ ይሰጣችኋል፣ እናንተ ትዞራላችሁ። እንደ ድሮ ፊልም ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን አትፈልጉ፤ ለንደን በቦምብ ትታመስ በነበረበት ዘመን ከየጣቢያው ተነቅሏል። ባለፈው ዓመት አንድ ከደሴ የመጡ መምህር ሻንጣቸውን ኪንግስ ክሮስ አስቀምጠው፣ በእግራቸው ጥቂት ሄደው ብሪቲሽ ላይብረሪ ገብተው ግማሽ ቀን ዋሉ። እስካሁን ስለዚያ ቀን ያወራሉ።

ሦስተኛው እላይ የነገርኳችሁ ነው፤ ከበር እስከ በር የሚልክ። ለእንግሊዝ ውስጥ እጅግ ጥሩ ነው። ልጃችሁ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ብርድ ልብሷንና ድስቷን በባቡር ከማጓተት በዚህ ይላኩ። ወደ ኢትዮጵያ ሲሆን ግን ካርጎ እየላካችሁ መሆኑን አውቃችሁ፣ ተቀባዩን፣ ደረሰኙንና ፈቃዱን አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

አራተኛው መቼም አገልግሎት ተብሎ አይጻፍም፤ ሚኒባስ ነው። አምስት ሰው ቤተሰብ አሥር ሻንጣ ይዞ ሲሄድ በሻንጣ ቁጥር ለሚያስከፍል ድርጅት ከመክፈል አንድ ስምንት ሰው የሚይዝ መኪና መከራየት ይቀላል። መኪና ተርሚናል በር ላይ ለማውረድ ሲቆም ከ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ እንደሚከፈልበት ብቻ አትርሱ፤ ቅጣቱ ከጉዞው በላይ እንዳይሆን።

የዚህ ሥራ ጌቶች ጃፓኖች ናቸው። ያማቶ የሚባለው፣ ጥቁር ድመት ግልገሏን በአፏ ይዛ የምትታይበት ምልክት ያለው ድርጅት በ1976 እ.ኤ.አ. ከቤት ቤት ማድረስ ሲጀምር በመጀመሪያው ቀን የተቀበለው አሥራ አንድ ዕቃ ብቻ ነበር ይባላል። ዛሬ ጃፓን ውስጥ መንገደኛ ከአውሮፕላን ሲወርድ ሻንጣውን እዚያው ሰጥቶ፣ ባዶ እጁን በባቡር ከተማ ገብቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ሆቴሉ ላይ ያገኘዋል። ለበረዶ ሸርታቴና ለጎልፍ ተጫዋቾች ለብቻ አገልግሎት አላቸው። የሰው አገር ነው ብላችሁ አትገረሙ፤ እኛም ነበረን። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ዕቃ የምንልከው እንዴት ነበር? አውቶቡስ ተራ ሄደን፣ ለረዳቱ ሰጥተን፣ የሰሌዳ ቁጥሩን ለተቀባዩ ደውለን። ያ አውቶቡስ ጣርማበርን አልፎ፣ ሐረጎን ወጥቶ፣ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ማታ ሲገባ ተቀባዩ ፒያሳ ቆሞ ይጠብቃል። ረዳቱ የማን ዕቃ እንደሆነ በቃሉ ያውቃል። ወረቀት አልነበረም፤ ነገር ግን ዕቃው በየትኛው ሰዓት ማን እጅ ላይ እንዳለ ሁሉም ያውቅ ነበር።

የንግግሬን ርዕስ ያገኘሁት ከዚያ ነው። ሻንጣ እጅ በቀየረ ቁጥር «አሁን ማን እጅ ላይ ነው? ቢጠፋስ ማንን እጠይቃለሁ?» በሉ።

አየር መንገዱ እጅ ላይ ሳለ መልሱ የታወቀ ነው። የሞንትሪያል ስምምነት የሚባል በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ ዓለም አቀፍ ውል አለ፤ ብሪታንያም ኢትዮጵያም ተቀብለውታል። አየር መንገዱ ለተረከበው ሻንጣ በአንድ መንገደኛ እስከ 1,519 ኤስ.ዲ.አር. ድረስ ይጠየቃል። ኤስ.ዲ.አር. የዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ ነው፤ በፓውንድ ሲመነዘር ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ብዙ አይርቅም። ይህ ጣሪያው ነው፣ የጠፋው ዕቃ ዋጋ ማስረጃ ይፈልጋል። ሻንጣችሁ ተሰብሮ ከመጣ በሰባት ቀን ውስጥ፣ ዘግይቶ ከመጣ እጃችሁ ከገባበት ቀን ጀምሮ በሃያ አንድ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለባችሁ። ስለዚህ ቦሌ ላይ ሻንጣ ከቀረ «ነገ እመለሳለሁ» ብላችሁ አትውጡ። እዚያው የሻንጣ ጉዳይ መስኮት ሄዳችሁ አስመዝግቡ፣ የምዝገባውን ወረቀት ያዙ።

ድርጅቱ እጅ ላይ ሳለ ግን ይህ ስምምነት የለም፤ ያለው ውሉ ነው። በአንድ ሻንጣ ስንት ይከፍላል? ኢንሹራንሱ ዋጋው ውስጥ አለ ወይስ ለብቻ ነው? ምን ምን አይሸፍንም? ብዙዎቹ ኤሌክትሮኒክስና ተሰባሪ ዕቃ አይሸፍኑም። ሻንጣውን ስታስረክቡ ክፍት አድርጋችሁ አንድ ፎቶ፣ ዘግታችሁ አንድ ፎቶ አንሡ። ይህ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ በኋላ ግን ከጠበቃ ይበልጣል።

ወደ ኮምቦልቻ የምትቀጥሉ ደግሞ ታጉን አንብቡ። በትልቁ የተጻፉ ሦስት ፊደላት አሉ። ኤ፣ ዲ፣ ዲ ከሆነ አዲስ አበባ ድረስ ነው፤ ዲ፣ ኤስ፣ ኢ ከሆነ ኮምቦልቻ ድረስ ተጽፏል። ሂትሮው ላይ ያለችውን ሠራተኛ «ሻንጣውን ቦሌ ላይ አንሥቼ ጉምሩክ ማለፍ አለብኝ ወይ?» ብላችሁ ጠይቋት። የአገር ውስጥ በረራ የሚፈቅደው ኪሎ ያነሰ ሊሆን ስለሚችል፣ በተለይ ሁለቱን ቲኬት ለየብቻ የገዛችሁ፣ ቦሌ ላይ በሌሊት ሻንጣ ከፍታችሁ እንዳትከፋፍሉ ቲኬታችሁን እዚሁ አንብቡት።

አሁን ሰው ወደማይወደው ነገር ልምጣ። የታሸገ ዕቃ።

ሂትሮው ላይ «ሻንጣህን ያዘጋጀኸው አንተ ነህ? ሰው የሰጠህ ዕቃ አለ?» ተብሎ ይጠየቃል። ስንቶቻችን ነን «አዎ፣ የለም» ብለን በውሸት ያለፍነው? ወደ ዚህ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። ጫት እዚህ አገር ከሰኔ 24 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ አደንዛዥ ዕፅ ነው። ከዚያ በፊት በዚሁ በሂትሮው በግልጽ ይገባ ነበር፤ አሁን ግን በሕግ ያስጠይቃል። አገር ቤት ያለ ሰው ይህን ላያውቅ ይችላል፤ «ደረቅ ቅጠል ነው፣ ለአጎትህ ስጥልኝ» ብሎ በበርበሬው መሀል ያስገባዋል። የሚጠየቀው ሻንጣው በስሙ የሆነው ሰው ነው። ቅቤና ቋንጣም እንዲሁ፤ ከአውሮፓ ውጭ የመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ለግል ምግብም ቢሆን አይገባም። እናታችሁ ያነጠረችውን ቅቤ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲጥሉት ቆማችሁ ከማየት አገር ቤት በልታችሁት ኑ። ሽሮውና በርበሬው ይበቃናል። ወደ አገር ቤት ስትሄዱም ድሮን ያለ ፈቃድ አይገባም። ፓወር ባንክና ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይቀመጥም፤ በሻንጣ አድራሽ ድርጅት የምትልኩ ከሆነም ጭራሽ አይቀበሏችሁም።

አንድ እናት ባለፈው ስብሰባ «ታዲያ ሰው ካልተያያዘ ወልዬነቱ የት አለ?» ብለውኛል። እውነት አላቸው። እኔም መያያዝ ይቅር አላልኩም። ክፍት ይምጣ፣ ተቆጥሮ ይግባ፣ ዝርዝሩ ይጻፍ ነው ያልኩት። ክፍት ሲሆን ቅር የሚለው ሰው ካለ፣ ያ ዕቃ ያልተያዘ ይሻላል።

ሌላው ደግሞ ይህ ነው፤ ከምንጭነው ዕቃ ስንቱ መጫን አለበት? ባለፈው ክረምት አንድ ሻንጣ ውስጥ ያገኘሁትን ልንገራችሁ፤ አሥራ ስድስት ሳሙና፣ አራት ኪሎ ስኳር፣ ሦስት የፕላስቲክ ማንጠልጠያ። ስኳር! ከለንደን ደሴ! የትምህርት ቤት ደብተር፣ እስክርቢቶ፣ የደንብ ልብስ ጨርቅ መርካቶ አለ፣ ደሴም ሰኞ ገበያ አለ። ገንዘቡን ልከን እዚያ ብንገዛ ነጋዴውም ያገራችን ሰው ነው፣ ልብስ ሰፊውም እንጀራ ይበላበታል። ከዚህ መሄድ ያለበት እዚያ የማይገኘው ብቻ ነው። የዘንድሮውን ዝርዝር ከሆስፒታሉና ከትምህርት ቤቶቹ ጋር በስልክ ተነጋግረን ስናጣራ ሃያ ሁለት ሻንጣ የነበረው ሰባት ሆነ። ሰባቱም ቢሆን አምስቱ የመጻሕፍት ናቸው። መጻሕፍት ደግሞ ጠላታችን ነው፤ ትንሽ ቦታ ይዞ 23 ኪሎውን ይጨርሳል። ትልቅ ሻንጣ ውስጥ መጻሕፍት ብቻ አትሙሉ። ግማሹን በልብስ፣ ግማሹን በመጽሐፍ አድርጉ። ተጨማሪ ከፍላችሁም ቢሆን ከ32 ኪሎ በላይ የሆነ አንድ ሻንጣ አይቀበሏችሁም፤ የሚያነሣው ሠራተኛ ወገቡ አለ።

ኮሚቴው ባለፈው ወር የተስማማበትን ልንገራችሁና ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ። የማኅበሩን ዕቃ የሚይዝ አባል ከቤቱ እስከ ተርሚናል ያለውን መኪና ማኅበሩ ይከፍላል። ዕድሜው ከስልሳ በላይ የሆነ ሰው የማኅበር ሻንጣ አይሰጠውም፤ «እችላለሁ» ቢልም አይሰጠውም። የሕክምና ዕቃ በሻንጣ አይላክም፤ በሆስፒታሉ ስም፣ በደብዳቤና በፈቃድ፣ በካርጎ ይሄዳል፤ ጊዜ ይወስዳል፣ እንጠብቃለን። የሻንጣ አድራሽ ድርጅት ስንጠቀም ውሉን ሁለት ሰው አንብቦ ይፈርማል። አንዱ እኔ ነኝ፤ መነጽሬን ቀይሬአለሁ።

እማማ ደህና ናቸው። እጃቸው ድኗል፣ ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዛቸዋል እንጂ። ባለፈው ሳምንት ደውለው «ለገና የሚመጣ ሰው አለ ወይ?» አሉኝ። አለ አልኳቸው። «ከዚህ ቆሎ ልልክላችሁ ነበር፣ የሚመለስ ሰው ይያዝልኛል?» አሉኝ። ክፍት ከሆነ ይያዛል አልኳቸው። ሳቁብኝ፤ «ቆሎ ምን ይታሸጋል፣ መንገድ ላይ ዘግኖ የሚበላ አይጠፋም» አሉ።

ለገና የምትሄዱ፣ የመመዝገቢያው ወረቀት በሩ አጠገብ ነው። ሚዛኑ ከኋላ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ዛሬ ሻንጣ ይዛችሁ የመጣችሁ ሦስት ሰዎችን አይቻለሁ፣ ከምሳ በፊት እንመዝነው። ከሰባቱ ሻንጣ ሁለቱ ገና ተሸካሚ አላገኙም።